ጨው በጎረቤት ደጃፍ

እኔ የምለው፣ ቀንድ አውጣን በቅጡ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ማለቴ ጎንበስ ብላችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ? አላያችሁትም። ማን ጊዜ አለው! እኔም ዘንድሮ ክረምት ጉድ እስኪሠራኝ ድረስ ዞር ብዬ አላየሁትም ነበር። አሁን ግን ጠይቁኝ። ጠባዩን ከሚስቴ ጠባይ አብልጬ አውቀዋለሁ። ሚስቴ አልማዝ ይህን ብትሰማ፣ «እሱንስ እኔም ታዝቤያለሁ» ነው የምትለው።

በመጀመሪያ እግሩን ልንገራችሁ። አንድ ነው። አንድ እግር! እሱም ሆዱ ነው። እኛ ለሆዳችን እንሮጣለን፣ እሱ በሆዱ ይሄዳል። የሆዱን ቆዳ ከኋላ ወደ ፊት እያጠፈ፣ እየዘረጋ ይንሸራተታል። መንገዱንም ራሱ ነው የሚያነጥፈው። ልጋጉን እያወጣ፣ ልጋጉ ላይ እየተንሸራተተ፣ ከኋላው የሚያብለጨልጭ መስመር እየተወ ይሄዳል። ዳገት አይል፣ ግድግዳ አይል። ምላጭ ላይ ቢወጣ እንኳ አይቆረጥም አሉ። የእኛ ሰፈር መንገድ ኮብልስቶን እስኪነጠፍለት ስንት ክረምት ጭቃ ረገጥን? እሱ ማንንም አይጠብቅም። ቀርፋፋ ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ቀርፋፋ ነው። ኤሊም ቀርፋፋ ናት፤ እሷ ግን አራት እግር ይዛ ነው፣ ምን ሰበብ አላት? ጠዋት ጠዋት በታክሲ ሽሮ ሜዳ የሚሄድ ሰው ደግሞ በቀንድ አውጣ ላይ አፉን ባይከፍት ይሻለዋል።

ዓይኖቹ ያሉት ቀንዶቹ ጫፍ ላይ ነው። የማይወደው ነገር ሲገጥመው ዓይኑን ከነቀንዱ ወደ ውስጥ ይስበዋል። በቃ፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም! እኔ በዚህ ክረምት ስንት ጊዜ ቀናሁበት መሰላችሁ። ደግሞ እያንዳንዱ ወንድም ነው፣ ሴትም ነው አሉ። ይህን ስልኬ ላይ አንብቤ ለአልማዝ ብነግራት፣ «ታዲያ ቤት ውስጥ ማን ነው ማንን የሚያዘው?» አለችኝ። እኛ ቤት ይህ ጥያቄ ከተመለሰ ቆይቷል።

ቀንድ አውጣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ባለቤት ነው፤ ቤቱን ጀርባው ላይ አዝሎ ይዞራል። በጋ ሲመጣ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን በገዛ ልጋጉ አሽጎ ይተኛል። ሁለተኛው ቤት የለውም። ራቁቱን ነው። እኛ አገር ስም እንኳ የወጣለት አይመስለኝም፤ እኔና አልማዝ «ራቁቴ» እንለዋለን። ቤት የሌለው ፍጡር ምን ያደርጋል? ሰው ተጠግቶ ያድራል። ድንጋይ ሥር፣ እርጥበት ያለበት ይገባል። የማን ድንጋይ ሥር? የጎረቤቴ የእትዬ ሙሉ ድንጋይ ሥር!

መጣሁላችሁ ወደ ጉዱ።

የምኖረው እዚሁ ጉለሌ፣ ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ነው። ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የእኔና የእትዬ ሙሉ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ በመሃላችን ሁለት ጋቢ ቢዘረጋባት የምትሸፈን መሬት አለች። እዚያች ላይ ጎመንና ቆስጣ አለማለሁ። እትዬ ሙሉ የልጄ የክርስትና እናት ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለእሳቸው ነው። አልማዝ የታመመች ጊዜ ቤቴን ቀጥ አድርገው የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ነን።

ክረምቱ ገባ፣ ጎመኔ ወንፊት ሆነ። መጀመሪያ ዶሮ ጠረጠርኩ። ቀጥሎ የሰው በግ ጠረጠርኩ። አንድ ቀን ዝናብ ያደረበት ጠዋት ማልጄ ብወጣ፣ ራቁቴዎቹ ጎመኑ ላይ ተደርድረው ይግጣሉ። ጥርሳቸው ምላሳቸው ላይ ነው አሉ፣ እንደ ሞረድ ነው የሚፍቁት። ከኋላቸው የሚያብለጨልጨውን መስመር ተከተልኩ። ከእትዬ ሙሉ ደጃፍ፣ ከመርገጫው ድንጋይ ሥር ነው የሚነሳው።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትነግሯቸዋላችሁ። በቃ፣ «እትዬ፣ ድንጋይዎ ሥር ይህ ነገር ይራባል» ማለት ነው። ቀላል ነው አይደል? እስቲ ንገሯቸው! ሴትዮዋ ደጃፋቸውን ጠዋት ጠርገው፣ ማታ ጠርገው፣ በመሃሉ ሰው ካለፈበት ደግመው የሚጠርጉ ናቸው። ለእሳቸው «ደጃፍዎ ሥር ልጋጋም ነገር አለ» ማለት «ቆሻሻ ነዎት» ማለት ነው። ደግሞ ልጃቸው ትዕግሥት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መጥታለች፤ ሆዷ ገፍቷል። ለነፍሰ ጡር ቤት እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ይገባል? ይሉኝታ ያዘኝ። እንዲያው በጎን ልነካካው ብዬ፣ «ዘንድሮ እርጥበቱ በዛ፣ እትዬ» አልኳቸው። «በዛ እንጂ» አሉና ፊታቸውን ወደ በራቸው አዞሩ።

ስለዚህ ሌላ መላ ዘየድኩ። ጨው ይገድለዋል የሚል አንብቤያለሁ። ሰው ሳይነሳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እፍኝ ሙሉ ጨው ይዤ ተሻገርኩ። እትዬ ሙሉ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ በድንጋዩ ዙሪያ በተን፣ በተን አደረግሁ። አንዱን ነካው። የእግዜር ያለህ! ጨው ሲነካው በሰውነቱ ያለው ውኃ ሁሉ እየወጣ፣ እየተሸበሸበ፣ አረፋ እየደፈቀ ይሟሟል። ድምፅ የለው፣ አይጮህ። አንድ ሙሉ ሰው፣ ለቅጠል ብዬ ይህን አደረግሁ!

በሩ ሲጢጥ አለ።

ቀና ብል እትዬ ሙሉ ናቸው። ነጠላቸውን አገልድመዋል፣ በአንድ እጃቸው የቆሻሻ ማፈሻ ይዘዋል። እሳቸው እጄን አዩ። እኔም እጄን አየሁ። ከጣቶቼ መሃል ጨው ይንጠባጠባል። «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አይመስልም። ፊታቸው ደም መሰለ። ወደ ኋላ ተመለሱና በሩን ዘጉት፤ መሸጎሪያው ቀጭ ሲል ሰማሁ።

መቼም ለእናንተ አይነገርም። በዚህ አገር አንድ ጎልማሳ ጎህ ሲቀድ፣ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ ነጭ ነገር ሲበትን ከታየ ምን ይባላል? መተት! ሌላ ምን ይባላል? ማስረጃ ላቅርብ እንዳልል ማስረጃዬ ሟሟ። ያ ቤት ያለው ቀንድ አውጣ ቢሆን እንኳ ቅርፊቱ በተረፈልኝ። ራቁቴ ግን አጥንት የለው፣ ቅርፊት የለው። እሱም ሟሟ፣ ጨውም ሟሟ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

አልማዝ ስትሰማ አልሳቀችም። «አሁኑኑ ሂድና እውነቱን ንገራቸው» አለች። እንዴት አድርጌ? «መተት አይደለም፣ ከድንጋይዎ ሥር የሚወጣውን ልጋጋም ነገር በጨው እያሟሟሁ ነበር» ልበል? የትኛው ነው የሚቀለው ስድብ? አልሄድኩም። አፈርኩ። እሳቸው ሲወጡ እኔ እገባለሁ፣ እኔ ስወጣ እሳቸው ይገባሉ።

እና ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ወሬው ሳይቀድመኝ ልቅደመው አልኩ። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሽ ወርቁ፣ ሰው ምን ቢልዎት እንዳያምኑ። እኔ መተት የሚባል ነገር በዘሬም የለም» አልኳቸው። ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩኝና፣ «ማን ምን አለህ?» አሉ። ማንም ምንም አላለም። ጨው ለገዛሁባት ባለሱቅም ነገርኳት፤ «የወሰድኩት ለወጥ ነው፣ ሰው ደጃፍ ላይ የሚበትን ሰው አይደለሁም» አልኳት። እሷም «እንዴ፣ የምን ደጃፍ?» አለች። ታክሲ ውስጥ ከሰፈር ሰው ጋር ስቀመጥ ወሬውን ከዝናብ ጀምሬ ዞሬ ዞሬ ንጽሕናዬ ላይ አሳርፈው ነበር። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!

እንግዲህ ሰው ሞኝ አይደለም። ሳይከሰስ የሚምል ሰው የሆነ ነገር ቢኖርበት ነው ይላል። ያ ሳምንት ሳያልቅ የሰፈሩ ሴቶች እኔን ሲያዩ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው መጎተት ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም አጠገቤ የቆመው ሰው ቀስ ብሎ ይርቃል። ለበረከት የቆረስኩት ዳቦ ተመለሰብኝ። አልማዝማ፣ «በዚህ ሰፈር መተተኛ መሆንህን ያልሰማ አንድ ሰው ነው የቀረው፤ እሱም ጆሮው አይሰማም» አለችኝ።

በዚህ መሃል ትዕግሥት ወለደች። እልልታው ከፊት ለፊት ሲፈነዳ እኔና አልማዝ ተያየን። እልል ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ሴት ልጅ ናት፤ በሰላም፣ በቀላል ምጥ መገላገሏን በአጥር ሰማን። ወግ ነው፣ አራስ ስትጠየቅ ጎረቤት ገንፎ ይጠራል። የቅቤው ሽታ ጎመኑን ተሻግሮ ቤታችን ገባ። የላይ ሰፈሩ መጣ፣ የታች ሰፈሩ መጣ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ሁሉ በደጄ እያለፉ ገቡ። እኛን የጠራ የለም። አልማዝ ለአራሷ ያዘጋጀችውን አጥሚት በፔርሙስ እንደያዘች ቁጭ ብላ ቀረች። «ያልተጠራሁበት አልገባም» አለችና አለቀሰች። እኔ እንኳ ስድቡን ለምጄዋለሁ፤ የእሷን እንባ ግን አልቻልኩትም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ወርቁን ለሽምግልና ለመንኩ። እንደኔ ላለው ወግ አጥባቂ ሰው፣ ሽማግሌ ያስፈልገዋል። ጋሽ ወርቁ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ አልማዝ አጥሚቷን እንደገና አፍልታ ከእኔ ኋላ ሆነን ተሻገርን። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ጋሽ ወርቁ ዞር ብለው፣ «ድንጋይህስ?» አሉኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ይሸከማል አይደል? ረስቼዋለሁ። «ታዲያ ባዶህን ነው የመጣኸው?» ብለው ተቆጡ። ከወዲያ ከወዲህ ባይ ከዚያው ከመርገጫው ድንጋይ በቀር ምንም የለም። ጎንበስ ብዬ ጠርዙ ላይ ያለውን ፈነቀልኩና ተሸከምኩት።

ጋሽ ወርቁ አንኳኩ። እኔ አጎንብሻለሁ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ቆይ፣ ቀዝቃዛው ነገር ይንቀሳቀሳል እንዴ? በአንገቴ በኩል አንድ ርጥብ ነገር ወደ ሸሚዜ ውስጥ ዝግ ብሎ ጉዞ ጀመረ። ጥድፊያ የለው! አንድ ሌላ ደግሞ ወደ ጆሮዬ አቀና። እንዳልጮህ ይቅርታ ላይ ነኝ፤ እንዳልጥለው ድንጋዩ ከእጄ ከወጣ ይቅርታው ፈረሰ። ጋሽ ወርቁ አዩና «በስመ አብ! ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ምስክሬ ነው፣ ጋሽ ወርቁ» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ሙሉ ድንጋዩን አዩ፣ አንገቴን አዩ፣ ጆሮዬ ላይ ያለውን አዩ። ከዚያ ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ ጭነው አለቀሱ።

«ኧረ ተው፣ አንተ በቀለ! ኧረ አታሳፍረኝ! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አውርደው!»

ድንጋዩን ጋሽ ወርቁ አወረዱልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ሙሉ ራቁቴዎቹ የሚመጡት ከእኔ ጎመን ነው ብለው ነበር። ጎመኔ ሥር ተራብተው፣ ደጃፋቸውን በልጋግ እየሸረጡ፣ ድንጋያቸው ሥር የሚገቡ መስሏቸዋል። «ጎመንህ ተባይ አፈራ ይባላል እንዴ ለጎረቤት? ይሉኝታ ያዘኝ» አሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳያያቸው በማፈሻ ይሰበስቧቸውና ወደ መጡበት ይመልሷቸዋል። ማለትም ጎመኔ ላይ ይደፏቸዋል! ያን ዕለት ጠዋትም ማፈሻውን ይዘው ሲወጡ እኔን ቁጢጥ ብዬ አገኙኝ። «እጅ ከፍንጅ ሊይዘኝ አድፍጦ ነው ብዬ፣ የምገባበት ጠፋኝ። ከዚያ ወዲያ በምን ዓይኔ ልይህ? በምን አፌ ለገንፎ ልጥራህ?» አሉ።

መተቱስ? ስል፣ እንባቸውን ጠረጉና፣ «እሱንማ አንተው ነህ ለሰፈሩ ያወራኸው፤ እኔ ጨው መሆኑ ይጠፋኛል?» አሉ።

በቃ፣ ተሳሳምን። አልማዝ አጥሚቷን ይዛ ወደ አራሷ ገባች፤ ከበሩ ሳታልፍ የቀረባትን እልልታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። ለእኛ አዲስ ገንፎ ተገነፋ። ጋሽ ወርቁ ከገንፎው ጋር፣ ሰው ጎረቤቱን ከማክበሩ የተነሳ እንዴት ጎረቤቱን እንደሚያጣ ረዘም ያለ ምክር አበሉን። እኔ ሸሚዜ ውስጥ የቀረውን ስለምፈልግ ግማሹን አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ይህን ያለው ሰው ጉለሌ ክረምት አልከረመም። እዚህ ንጋቱም እስከ ረፋድ ጭጋግ ነው። እኔ ያንኑ የጀመርኩትን አፍ ይዤ፣ አሁን ደግሞ እውነቱን ልንገር ብዬ ሰፈሩን ዞርኩ። «ጨው ነው፣ ለቀንድ አውጣ ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ «አዎ፣ አዎ፣ ጨው ነው» ይለኛል፤ እያለም ዓይኑን ይጠቅሰኛል። ይጠቅሰኛል እንጂ ልጁን ከእኔ መጎተቱን ትቷል። ይህ ለውጥ ግራ አጋባኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ትዕግሥት በቀላል ምጥ ተገላገለች አይደል? እናቷ ከእኔ ጋር ገንፎ በሉ አይደል? እንግዲያው የበተንኩት ክፉ ነገር አልነበረም ማለት ነው። የተባረከ ነገር ነው። ሰፈሩ መክሮ ጨርሶልኛል።

አንድ ሰኞ ቀን አንዲት ሴትዮ ከታች ሰፈር መጡ። ከዚህ በፊት ሰላም ተባብለን አናውቅም። ሱቅ ልከፍት ስወጣ በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ልጃቸው ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያዋ ነው። እናትየው ፈርተዋል፣ እንቅልፍ ካጡ ሰነባብተዋል፣ ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል። «ያቺን ነገር ለእኔም ደጃፍ…» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ልጂቱን ሆስፒታል ይውሰዷት አልኳቸው። እንደሚወስዷት ነገሩኝ፣ ልጂቱ ካርድ አውጥታለች፣ «ግን ያም ቢኖር ምን ይጎዳል?» አሉ። ቀንድ አውጣ ነው፣ ጨው ነው፣ ጎመን ነው አልኩ። «አዎ፣ ልጄ፣ ጨው ነው» አሉና እግሬ ላይ ሊወድቁ አጎነበሱ።

የእናቴ እኩያ ሴት እግሬ ላይ! እንዴት እምቢ ይባላል? እምቢ ልል አፌን ስከፍት «እሺ» ወጣ።

ሄድኩ። ማልጄ ሄድኩ፣ ቁጢጥ አልኩ፣ በተንኩ። ልጂቱም ሆስፒታል ገብታ በሰላም ተገላግላለች፣ ወንድ ነው፤ ገንፎው ሲበላ የክብር ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌሎች ሁለት ቤቶች ጠርተውኝ ሄጃለሁ። ለአልማዝ አልነገርኳትም፣ እንዳትነግሩብኝ። እንደው ለእናንተ እውነቱን ልናገርና፣ የሚያሳፍረኝ መሄዴ አይደለም። የሚያሳፍረኝ፣ ባለፈው ቤት ጨዉን ስበትን ከንፈሬን ማንቀሳቀስ መጀመሬ ነው።